ቆማ ያረጀችው ዋዝ፦ ከሠራዊት የወጣ መኪና ስገዛ ያየሁት

ቆጣሪው ላይ ያነበብኩት ቁጥር 23,400 ኪሎ ሜትር ነበር። ሻጩ ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳርፎ፣ "ወንድሜ፣ ይህቺ መኪና እኮ ገና አልተነዳችም" አለኝ። አልዋሸኝም። እውነትም ብዙ አልተነዳችም። ያልገባኝ ነገር ሌላ ነበር። ያልተነዳች መኪና ማለት ለዓመታት ቆማ የኖረች መኪና ማለት ነው። መኪና ደግሞ ቆሞም ያረጃል። ላስቲኩ፣ ፍሬኑ፣ ነዳጅ መያዣው ሲነዳ ከሚጎዳው ይልቅ ቆሞ የሚጎዳው ይብሳል።

መኪናዋ ብዙዎቻችን "ዋዝ" ብለን የምንጠራት የሶቪየት ሥሪት ናት፤ 469 የሚባለው ሞዴል። ከሠራዊት አገልግሎት ወጥታ መጋዘን ውስጥ ኖራለች። ከዚያ በግለሰብ እጅ ገብታ ለሽያጭ ቀረበች። ከገዛኋት ይኸው ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በጣም ነው የምወዳት። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ግን ገንዘቤን ብቻ ሳይሆን ሕይወቴንም ሊወስዱ ነበር። እንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ዓይናችሁን የጣላችሁ ካላችሁ፣ እኔ ሳላይ ያለፍኩትን እናንተ እንድታዩት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ለማያውቋት ትንሽ ልበል። ይህቺ መኪና እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ ላይ ጋዝ-69 የተባለችውን የቀድሞ የሶቪየት ጂፕ ተክታ፣ ሩሲያ ውስጥ ኡልያኖቭስክ ከተማ ከሚገኘው ፋብሪካ መውጣት ጀመረች። በ1985 ተሻሽላ 3151 የሚል ቁጥር ተሰጣት። መልኳ ግን ያው ነው። ሞተሯ ባለ አራት ሲሊንደር፣ የቤንዚን፣ 2.4 ሊትር ገደማ ሲሆን ጉልበቱ 75 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። 7 ሰውና 100 ኪሎ ዕቃ፣ ወይም 2 ሰውና 600 ኪሎ ጭነት እንድትይዝ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ኮምፒዩተር የላትም፣ ሴንሰር የላትም። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሁሉ ነገር ፊት ለፊታችሁ ነው። ባትሪዋ ቢሞት እንኳ ከፊት በማኖቬላ አዙሮ ማስነሳት ይቻላል። ልቤን የወሰደው ይሄ ነው። ቁልፍና ካቻቢቴ ይዞ ትዕግሥት ያለው ሰው ሊጠግናት ይችላል።

መጀመሪያ ልገዛ የነበረው ግን ይህቺን አልነበረም።

አንድ ሌላ ሻጭ "ከሠራዊት የወጣች ንጹሕ ወታደራዊ መኪና" ብሎ አንዲት ዋዝ አሳይቶኝ ነበር። ቀለሟ ድፍን አረንጓዴ ነው። በሯ ላይ በነጭ የተጻፈ ቁጥር ሳይቀር አላት። ለወታደራዊነቷ ተብሎም ዋጋዋ ከፍ ብሏል። አብረውኝ የሄዱት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ እነዚህን መኪኖች ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሞተሩን እንኳ አላዩም። ከኋላ ዞረው ቁጢጥ አሉና በታች ተመለከቱ። ወዲያው ተነስተው፣ "ልጄ፣ ይህቺ ሲቪል ናት" አሉኝ።

እንዴት እንዳወቁ አሳዩኝ። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንዴ ካያችሁት አትረሱትም። ወታደራዊዋ 469 በየጎማዋ ማዕከል ላይ ትንሽ የማርሽ ቤት አላት። ከዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን) የሚመጣው ዘንግ ከጎማው መሀል ከፍ ብሎ ይገባና በዚያ ማርሽ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ከኋላ ሆናችሁ ስታዩ አክሰሉ (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት) ከጎማው መሀል በላይ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። የዲፈረንሻሉም ሆድ ከመሬት ራቅ ይላል። ሲቪሏ 469ቢ ይህ ማርሽ የላትም። አክሰሏ ቀጥ ብሎ ወደ ጎማው መሀል ይገባል። በቁጥር ስናየው የወታደራዊዋ ከመሬት ከፍታ 300 ሚሊ ሜትር፣ የሲቪሏ 220 ሚሊ ሜትር ነው። ድንጋይና ጭቃ ላይ ይቺ 8 ሳንቲ ሜትር ብዙ ነገር ናት።

469ቢ መጥፎ መኪና ናት ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ድምፅዋ ይቀንሳል፣ አያያዟም ይቀላል። ብዙ ጊዜያችሁ አስፋልት ላይ ከሆነ እሷ ትሻላችኋለች። ነገር ግን ለወታደራዊ ዋጋ ከፍላችሁ ሲቪል ይዛችሁ አትግቡ። አረንጓዴ ቀለምን ማንም ይቀባዋል። የማርሽ ቤቱን ግን ማንም በቀለም አይሠራውም። የሁለቱ አክሰሎች ዕቃም ስለሚለያይ፣ የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ መለዋወጫ ስትፈልጉ ትንከራተታላችሁ።

ሁለተኛዋን፣ ማለትም አሁን የኔ የሆነችውን፣ ለማየት የሄድኩ ቀን ጋሼ አልተመቻቸውም። "ጠብቀኝ" አሉኝ። እኔ ግን ሌላ ገዢ ይቀድመኛል ብዬ ብቻዬን ሄድኩ። ይህ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው።

ስደርስ ሞተሩ ሲሠራ ቆይቶ ገና መጥፋቱ ነበር። እጄን ኮፈኑ ላይ ሳሳርፍ ሞቋል። ተሰማኝ፤ ግን አልጠየቅኩም። ሻጩ ቁልፉን ሲያዞር በአንድ ጊዜ ተነሳች። ደስ አለኝ። ዛሬ ቢሆን "ነገ ጠዋት እመለሳለሁ፣ እባክህ ሳትነካት ጠብቀኝ" ነበር የምለው። የሞተር እውነት የሚታወቀው ከብርድ ሲነሳ ነው። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ሲነሳ በጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጭስ እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እያቃጠለ ነው። የዘይት ግፊት መለኪያው በምን ፍጥነት ከፍ እንደሚል ተመልከቱ። ሞቆ ቀስ ብሎ ሲሠራ ደግሞ ምን ያህል እንደሚወርድ እዩ። ሻጭ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተር ቢያሞቅ ሁልጊዜ ተንኮል አለው ማለት አይደለም። ቢሆንም እናንተ ማየት ያለባችሁን ነገር ያሳጣችኋል።

ስለ ቆጣሪው አንድ ነገር ልጨምር። የእነዚህ መኪኖች ቆጣሪ ኪሎ ሜትር የሚቆጥርባቸው አሃዞች 5 ብቻ ናቸው። ከ99,999 በኋላ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ 23,400 የሚለው ቁጥር 123,400 ሊሆንም ይችላል። የኔ እውነተኛ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ፣ ከፔዳሎቹ ላስቲክና ከማርሽ ጥርሶቹ ነው። ሌላም አለ። የሠራዊት መኪና አንዳንዴ ሳይንቀሳቀስ ይሠራል። ሬዲዮ የተጫነበት ከሆነ ባትሪ ለመሙላት ሲባል ሞተሩ ለሰዓታት ቆሞ ይዞራል። ያ ድካም ቆጣሪው ላይ አይመዘገብም። የሬዲዮ ማስቀመጫ ወይም የአንቴና መቆሚያ ቀዳዳ ካያችሁ፣ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ሞተሩ ትኩስ ነው ብላችሁ አትደምድሙ።

ያን ቀን ዙሪያዋን ነዳኋት። ፍሬኗን ረገጥኩ፤ ጠንካራ ነው፣ ትይዛለች። ጎማዎቿ ጥርሳቸው ሙሉ ነው። ቀለሟ ያበራል። ተስማማን። ከፍዬ ይዤያት ሄድኩ።

በአምስተኛው ቀን ነው የሆነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ነበርኩ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ከመታጠፊያው በፊት ፍሬን ያዝኩ። አንዴ ያዘች። ሁለተኛ ስረግጥ ፔዳሉ ያለ ምንም ግፊት ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ምንም የለም። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ላወርድ ስሞክር ማርሹ ጮኸና አልገባም አለ። የዚህች መኪና አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ በቀላሉ እንዲገባ ፍጥነቱን የሚያመሳስል ክፍል) የላቸውም። ሲወርዱ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥና መሀል ላይ ነዳጅ መስጠት ያስፈልጋል። ይህን አውቀዋለሁ፤ በድንጋጤ ግን ረሳሁት። በሁለተኛው ሙከራ ገባ። ሞተሩ እየጮኸ ያዛት። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩት። መንገዱ ዳር ያለው አፈር ክምር ላይ አፍንጫዋን አስደግፌ ቆምኩ። እጄ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ከመኪናው አልወረድኩም።

ያዳነኝ ምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ። የቀደሙት 469ዎች የእግር ፍሬን አንድ መስመር ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ዘይቱ ከፈሰሰ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጣሉ። የእጅ ፍሬኑ ግን በዘይት አይሠራም። ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን) ጀርባ ላይ ያለ ለብቻው የሆነ ታምቡር፣ ማለትም ከበሮ የሚመስል የፍሬን ቤት ነው፤ ኃይሉን ወደ አክሰሉ የሚወስደውን ካርዳን ዘንግ ነው የሚይዘው። በዚህ ምክንያት የእግሩ ሲሞት እሱ ይተርፋል። እየነዳችሁ በኃይል ከሳባችሁት ግን ዘንጉንና ማርሹን ሊሰብር ስለሚችል፣ ለጭንቅ ጊዜ ካልሆነ መኪና ቆሞ ነው የሚሳበው።

ተጎትታ ጋሼ ዘንድ ደረሰች። ምንም አልተቆጡኝም። "እንኳን አንተ ተረፍክ" ብቻ አሉና ክሪክ አስገቡ።

የግራ የፊት ጎማ ወጣ። ታምቡሩ አልወጣ አለ። በመዶሻ እጀታ ዙሪያውን ቀስ እያሉ መቱትና ሳቡት። ውስጡ ርጥብ ነው። የፍሬን ሸራው በዘይት ርሷል። ፊት ለፊት በየጎማው ሁለት ሁለት፣ ኋላ በየጎማው አንድ አንድ፣ በጠቅላላው 6 ትንንሽ የፍሬን ፖምፓዎች አሉ። ጋሼ ከላይኛዋ ፖምፓ ላይ አቧራ መከላከያ ላስቲኩን በጥፍራቸው ገልበጥ አደረጉት። ቡናማ ዝገት እንደ ጭቃ ሆኖ ጣታቸው ላይ ፈሰሰ። ፒስቶኗን አውጥተው ውስጧን በባትሪ መብራት አሳዩኝ። መስታወት መምሰል የነበረበት ግድግዳ በዝገት ተበሳስቷል። የፒስቶኗ ላስቲክ ጫፉ ተቦጫጭቋል።

"ይኸውልህ" አሉኝ፣ "ቆማ ሳለች ላስቲኩ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይይዛል። ስትነዳት ግን ዝገቱ ላይ እየሄደ ይመለሳል። አምስት ቀን ሙሉ ሲቦጫጨቅ ነበር።"

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስቡት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ለዚህ ነው በየ2 ዓመቱ ይቀየር የሚባለው። መኪናዋ ለዓመታት ስትቆም ያ እርጥበት እነዚህ ፖምፓዎች ውስጥ ብረቱን ቀስ እያለ ይበላዋል። ሻጩ ግቢ ውስጥ ፔዳሉን ስትረግጡት ግን ጠንካራ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔም ያታለለኝ እሱ ነው። አምስት ደቂቃ በመንዳት ይህን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ቢያንስ የአንዱን ጎማ ታምቡር አስፈቱና ውስጡን እዩ። ሻጩ እምቢ ካለ፣ ስድስቱም ፖምፓዎች፣ የፍሬን ማስተሩ (ከፔዳሉ ጋር የተያያዘው ዋናው ፖምፓ) እና የላስቲክ የፍሬን ቱቦዎቹ በሙሉ እንደሚቀየሩ አስባችሁ ዋጋውን ተከራከሩ። ቱቦዎቹ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ አብጠው ሊዘጉ ይችላሉ። ያኔ ፍሬኑ ይያዝና አልለቅ ይላል።

የዘይቱ ዓይነትም አለ። ጋሼ የማስተሩን ክዳን ከፍተው ጣታቸውን ነከሩና ወደ ብርሃን አወጡት። ወደ ቀይ ያደላል። በሶቪየት ዘመን ከጉሎ ዘይትና ከአልኮል የሚሠራ ቀይ የፍሬን ዘይት ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ጋር አይዋሃድም፤ ተለያይቶ ይቀመጣል። ከኔ በፊት አንድ ሰው ጎድሎ ቢያገኘው በላዩ አዲሱን ጨምሮበት ነበር። ቀይ ዘይት ያለበት አሮጌ መኪና ካጋጠማችሁ አትጨምሩበት። ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፣ መስመሩ ይታጠብ፣ ላስቲኩ ይቀየር፣ ከዚያ አዲሱ ይግባ።

በዚያው ቀን አንድ ነገር አየሁ፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ረዳታቸው የነበረው ልጅ ታምቡሩ ውስጥ ያለውን ደረቅ አቧራ በኮምፕሬሰር ሊነፋ ቱቦውን አነሳ። ጋሼ ከእጁ ነጠቁት። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራና አንዳንድ ጋስኬት አስቤስቶስ አለበት። አቧራው ሳንባ ውስጥ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በውኃ ባራሱት ጨርቅ ጠረጉት፤ ጨርቁን ፌስታል ውስጥ ቋጥረው ጣሉት። እናንተም አታራግፉ፣ አትንፉ።

ፍሬኑ አልቆ ስትወጣ ጎማዎቹ ተራቸው ደረሰ። ጥርሳቸው ሙሉ ስለነበር እኔ አዲስ ናቸው ብዬ ነበር። ጋሼ አውራ ጣታቸውን በጥርሶቹ መሀል አስገብተው ወደ ጎን ሲገፉት ላስቲኩ በቀጭን በቀጭኑ ተሰነጣጥቆ ታየኝ። ጎማ ጎኑ ላይ የተመረተበት ቀን አለ። ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ 4 አሃዝ ካያችሁ፣ የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የፈረንጆቹን ዓመት ይነግሯችኋል። ለምሳሌ 2314 ከሆነ የ2014 ሃያ ሦስተኛ ሳምንት ነው። 3 አሃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ምንም ቢያምር አትንዱበት። የኔዎቹ 3 አሃዝ ነበራቸው። አምስቱንም ከነካላማዳሪያቸው ቀየርኳቸው።

ቀጥሎ ነዳጅ ነው። ዋዝ በግራና በቀኝ ሁለት ሰልባትዮ አላት፤ እያንዳንዱ 39 ሊትር ይይዛል። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታዞሩበት መክፈቻ አለ። ሻጩ ዘንድ የነዳኋት በግራው ነበር። ቀኙን አልሞከርኩም። ከገዛሁ በኋላ ወደ ቀኙ አዞርኩና ሦስት ደቂቃ ያህል እንደነዳሁ ሞተሩ ያስለው ጀመር፤ ከዚያ ጠፋ። ሰልባትዮው ሲወርድ ታቹ ላይ የረጋ ዝቃጭና የዝገት ቅርፊት ነበር። የረጋ ቤንዚን በጊዜ ብዛት እንደ ሙጫ ይሆናል። ያ ሙጫ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን መርፌ የምታክል ቀዳዳ ደፍኗት አገኘነው። ስለዚህ ሁለት ሰልባትዮ ያለው መኪና ስትሞክሩ በሁለቱም ንዱ። በእያንዳንዱ አሥር አሥር ደቂቃ በቂ ነው። ሻጩ "አንዱ ባዶ ነው" ካላችሁ በጄሪካን ነዳጅ ይዛችሁ ሂዱ።

ከሥር ስትገቡ ደግሞ በየጎማው ያሉትን አራት የማርሽ ቤቶች ተመልከቱ። እያንዳንዱ የራሱ ዘይት አለው፤ ብዙ ባለቤቶች ይረሱታል። ከታች ያለችውን ቡሎን ትንሽ ፈታ አድርጋችሁ ጥቂት ዘይት አፍስሱ። ነጣ ካለና አረፋ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ ወንዝ ተሻግራ ሳይቀየርላት ቆማለች ማለት ነው። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለበት ጥርሱ ወይም ኩሽኔታው እየተበላ ነው። የኔ ሦስቱ ንጹሕ ነበሩ፣ የኋላ ቀኙ ነጥቷል። ፓራውልዮውም (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ላስቲክ) ደርቆ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ መሻገር ጀምሮ ነበር። የፊት ጎማ በክሪክ አንሱና ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ጎማው የሚታጠፍበት ፒን ከተበላ ይንቀጫቀጫል። አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ሲይዝ መንቀጫቀጡ ከቀጠለ ችግሩ ፒኑ ነው፤ ከቆመ የጎማው ኩሽኔታ ነው።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም። ትኩስ ቀለም ሲያበራ ካያችሁ ማግኔት አውጡ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከሥሩ ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ገልጣችሁ የእግር ማሳረፊያውን ላሜራ እዩ። ከሁሉ በላይ ግን ሻንሲውን፣ ማለትም መኪናዋ የተቀመጠችበትን ዋና ብረት እዩ። ላሜራ ይበየዳል፣ ይቀየራል። የባሌስትራ መያዣ አካባቢ የበላ ሻንሲ ያላትን መኪና ግን እኔ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም። በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፤ የበላው ድምፁ ይደፈናል።

ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሁለት ወር ፈጀሁ። ከሠራዊት የወጣ መኪና ሁለት ሰነድ ያስፈልገዋል። አንዱ ከሠራዊት ንብረትነት ተሰርዞ በሕጋዊ መንገድ መሸጡን የሚያሳየው ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ ለያዙት ሰዎች ሁሉ በየደረጃው የተላለፈበት ነው። መሀል ላይ አንድ ውል ከጎደለ መኪናዋ የናንተ አትሆንም። የኔ የሻንሲ ቁጥር ከሰነዱ ጋር ልክ ነበር፤ የሞተር ቁጥሯ ግን አልገጠመም። ስርቆት መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ሠራዊት ውስጥ ትልቅ እድሳት ሲደረግ ሞተር ከመኪና መኪና መቀያየሩ የተለመደ ነው። የእድሳቱ ማስረጃ ሻጩ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። ያን ወረቀት የጠየቅኩት ከከፈልኩ በኋላ ስለሆነ ለማግኘት ለመንኩ። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ቁጥሮቹንም በዓይናችሁ ከብረቱ ላይ አንብቡ። አንዳንድ አገሮች ሲቪል ሰው የሠራዊት ቀለም የተቀባ መኪና እንዲነዳ አይፈቅዱም። መብራትና የደህንነት ቀበቶም ሳይሟላ አይመዘግቡም። የምትኖሩበት ቦታ ሕግ ምን እንደሚል ቀድማችሁ አጣሩ።

ስለ ቀበቶ ካነሳን፣ የኔ ስትመጣ አልነበራትም። አንድ ሠራተኛ ወለሉ ላሜራ ላይ በሁለት ቡሎን ሊያስርልኝ ነበር። እንዳታደርጉት። በግጭት ጊዜ ቀጭን ላሜራ ይቀደድና ቀበቶው አብሯችሁ ይሄዳል። ከሥሩ ወፍራም ብረት ተጨምሮለት፣ የሚያውቅ ሰው ነው መግጠም ያለበት።

አነዳዷም ከለመድነው ይለያል። መሪዋ ከባድ ነው። በወረቀት 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትሄዳለች ይባላል፤ እኔ ከ70 አላልፍም። በ100 ኪሎ ሜትር 17 ሊትር ያህል ትጠጣለች። የፊት ጎማዎቹን ኃይል ደረቅ አስፋልት ላይ አታስገቡ። በፊትና በኋላ መሀል ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል ስለሌላት ዘንጎቹ ይጨናነቃሉ፣ መታጠፍ ትጠላለች፣ በመጨረሻም የሆነ ነገር ይሰበራል። ጭቃ፣ አሸዋ፣ ኮረት ላይ ግን አስገቡና እዩዋት። ሌሎች መኪኖች ቆመው ሲመካከሩ እሷ ቀስ ብላ ታልፋለች።

ሌላ ዓይነት የሠራዊት መኪና የምታዩ ከሆነ የባትሪውን ቮልት ጠይቁ። ዋዝ 12 ቮልት ናት። ብዙዎቹ የምዕራብ አገር ሠራዊት መኪኖች ግን 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ ነው የሚሠራው። ሰዎች ቴፕ ወይም ስልክ ቻርጀር ለማስገባት ሲሉ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ይቀጥላሉ። ያኔ አንዱ ሲደክም ሌላው ከልክ በላይ ይሞላና ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። እንዲህ የተቀጠለ ሽቦ ካያችሁ አስነቅሉትና መቀነሻ አስገጥሙ።

በጠቅላላው ለፍሬን፣ ለጎማ፣ ለሰልባትዮ፣ ለፓራውልዮና ለቱቦዎች ያወጣሁት የግዢዋን ሲሶ ያህል ነበር። ሞተሩን አልነካሁትም። ካምቢዮውንም አልነካሁትም። ሻጩ እንዳለው እነሱ ገና ናቸው። ያወጣሁት በሙሉ ቆማ ስለኖረች ብቻ ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ለሻጩ "ስንት ኪሎ ሜትር ሄደች?" ከማለቴ በፊት "ለስንት ዓመት ቆመች? የት ቆመች? ከመሬት ተነስታ በድጋፍ ላይ ነበረች ወይስ በጎማዋ? በየስንት ጊዜው ትነሳ ነበር?" እለው ነበር። ዋጋውንም የምደራደረው በዚያ መልስ ነበር።

አሁን ሥራ ቢበዛብኝም ቅዳሜ ጠዋት አልዘላትም። ቢያንስ አንድ ሰዓት እነዳታለሁ። መጀመሪያ ከሥሯ የነጠበ ነገር መኖሩን አያለሁ። ከዚያ ፔዳሉን ተጭኜ አንድ ደቂቃ እይዘዋለሁ። ከዚያ ቾክ ስቤ አስነሳታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጋሼን አብሬ ይዤ ወጣሁ። ያው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው የነዳጁን መክፈቻ ወደ ቀኙ ሰልባትዮ አዞሩት። ሁለታችንም ዝም ብለን አዳመጥን። ታች እስክንደርስ አንዴም አላሳላትም።